የውበት ቀዶ ሕክምና ጉዞ፦ ወጪውና አደጋው ሲመዘን

የውበት ቀዶ ሕክምና ጉዞ የሚባለው አንድ ሰው አፍንጫ ለማስተካከል፣ ጡት ለማሳደግ ወይም ለማሳነስ፣ ስብ ለማስመጠጥ፣ የላላ የሆድ ቆዳ ለማስጠበቅ ወይም ፀጉር ለማስተከል ከሚኖርበት አገር ወጥቶ በሌላ አገር የሚታከምበት አሠራር ነው። ዛሬ የራሱ ከተሞች፣ የራሱ ደላሎችና የራሱ የዋጋ ዝርዝር ያለው ሰፊ ንግድ ሆኗል። ለፀጉር ንቅለ ተከላ ኢስታንቡል፣ ለዐይን ሽፋንና ለመንጋጋ አጥንት የሴኡሉ ጋንግናም ሰፈር፣ ለአፍንጫ ቴህራን፣ ለሰውነት ቅርጽ ደግሞ የብራዚልና የኮሎምቢያ ከተሞች ስማቸው ይነሳል። ባንኮክ ከየአህጉሩ ሰው ይመጣባታል፤ ፈረንሳውያን ወደ ቱኒዚያ፣ አሜሪካውያን ወደ ሜክሲኮና ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያዘወትራሉ።

ዘመናዊው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና መልክ የያዘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ሃሮልድ ጊሊስ የተባሉት ሐኪም በእንግሊዝ ሲድካፕ ከ1917 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፊታቸው በጥይትና በፍንጣሪ የተጎዳ ወታደሮችን ሲጠግኑ ነው። በ1962 በአሜሪካ ሂዩስተን ጡት ለማሳደግ የሚያገለግለው የመጀመሪያው የሲሊኮን ከረጢት በአንዲት ሴት ጡት ውስጥ ተቀመጠ፤ በ1970ዎቹ ስብን በቱቦ የመምጠጥ ዘዴ በጣሊያንና በፈረንሳይ ሐኪሞች እጅ አደገ። በብራዚል ኢቮ ፒታንጊ ከብዙ አገሮች የመጡ ሐኪሞችን አሠልጥነዋል። ስለዚህ "ውጭ አገር" ሲባል ያነሰ ሙያ ማለት አይደለም፤ ከእነዚህ አገሮች አንዳንዶቹ በተወሰኑ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ያካበቱት ልምድ ከብዙ ሀብታም አገሮች ይበልጣል።

ዋጋው የሚቀንስበት ምክንያት ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የውሳኔው ግማሽ ነው። አንደኛው ጤናማ ምክንያት ነው፦ ደመወዝ፣ የሕንጻ ኪራይና ሐኪሞች ለሙያ ስሕተት ተጠያቂነት የሚገቡት መድን ዝቅ ያለ ነው፤ የገንዘብ ምንዛሪውም ለመጪው ሰው ያደላል። ሁለተኛው ከታካሚው ደኅንነት ላይ ተቀንሶ የሚገኝ ነው፦ የማደንዘዣ ባለሙያው በሁለት ክፍሎች መካከል ይመላለሳል፤ ሆስፒታል ማደር የነበረበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ሆቴል ይላካል፤ ክሊኒኩ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳይኖረው ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ቀዶ ሕክምና ያካሂዳል። በማስታወቂያው ላይ ሁለቱም ያው ቁጥር ሆነው ይታያሉ።

የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ "ሁሉን ያካተተ" የሚባል ጥቅል ነው። በውስጡ ከአውሮፕላን ማረፊያ መቀበል፣ የጥቂት ቀናት ሆቴል፣ አስተርጓሚና ቀዶ ሕክምናው ይገኛሉ። ከጥቅሉ ውጭ የሚቀረው ይረዝማል፦ የደምና የልብ ምርመራ፣ መድኃኒት፣ ለሳምንታት የሚለበሰው የማጥበቂያ ልብስና ቅያሪው፣ የአስታማሚ ቲኬትና ምግብ፣ ቁስሉ ካልደረቀ የሚጨመሩ አዳሮች፣ የበረራ ቀን መቀየሪያ፣ ከሥራ የተቀረባቸው ሳምንታት ደመወዝ። "ነጻ ማስተካከያ" የሚለው የዋስትና ቃል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሐኪሙን ድካም ብቻ የሚመለከት ነው። ቲኬቱን፣ ሆቴሉንና ማደንዘዣውን የሚከፍለው ያው ታካሚው ነው። የተለመደው የጉዞ መድን በፈቃድ ከተደረገ የውበት ቀዶ ሕክምና የሚመጣን ጉዳት በአብዛኛው አይሸፍንም፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ መድን ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል።

በእኔ አመለካከት የማስታወቂያው ዋጋ ሁሉ ነገር በሰላም ያለቀለት ሰው ዋጋ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ሁለት ጊዜ መሠራት አለበት፦ አንዱ ለሰላሙ፣ ሌላው ደግሞ ቁስሉ አመርቅዞ ወይም ውጤቱ ተበላሽቶ ሁለተኛ ቲኬት፣ ሁለተኛ የሥራ ፈቃድና ሁለተኛ ሐኪም ቢያስፈልግ። ሁለተኛውን መሸከም የማይችል ኪስ የመጀመሪያውን እንደቻለ ባይቆጠር ይሻላል። በብድር የሚጓዝ ሰው ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ሊሠራው ይገባል፤ ጉዳት ከደረሰበት ዕዳውንም ሕመሙንም በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ሥራ ፈቶ ይቀመጣልና።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ የቀዶ ሕክምና ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ታካሚው ከክሊኒኩ ከወጣ በኋላ ነው። ደም ከስፌት ሥር የሚጠራቀመው በአመዛኙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ተራው ማመርቀዝ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይታያል። የደም መርጋት ከሳምንታት በኋላም ሊከሰት ይችላል። በሲሊኮን ዙሪያ የሚፈጠረው ጠባሳ ጠንክሮ ጡቱን የሚያጣምመው ደግሞ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው። ሐኪሙና ታካሚው በአንድ ከተማ ሲኖሩ ይህ ሁሉ በቀጠሮ ይታያል፤ በመካከላቸው ባሕር ሲኖር ግን በስልክ የተላከ የቁስል ፎቶግራፍ ይሆናል። ፎቶግራፍ ሙቀትን፣ ሽታንና ሲነካ የሚሰማ ጥንካሬን አያሳይም።

ከሁሉ የሚያስቸግሩት ዘግይተው የሚመጡት ተሕዋስያን ናቸው። ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ የተባለው ባክቴሪያ የሳንባ ነቀርሳ አምጪው ዘመድ ሲሆን፣ በአግባቡ ባልጸዳ መሣሪያ ወይም ውኃ አማካይነት ቁስል ውስጥ ይገባል። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በተመለሱ ታካሚዎች ላይ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ቁስሉ የዳነ መስሎ ከሳምንታት በኋላ ቀያይ እብጠቶች ይወጣሉ፤ የተለመደው አንቲባዮቲክ አይሠራባቸውም፤ ሐኪሙ ካልጠረጠረና ልዩ ምርመራ ካላዘዘ በስተቀር መንስኤው ላይታወቅ ይችላል። ሕክምናው የተለያዩ መድኃኒቶችን ለወራት መውሰድና የታመመውን ሥጋ ደጋግሞ በቀዶ ማንሣት ነው። በ2023 ደግሞ በሜክሲኮዋ ማታሞሮስ ከተማ በሁለት ክሊኒኮች በአከርካሪ በኩል ማደንዘዣ የተሰጣቸው ታካሚዎች ፉሳሪየም በተባለ ፈንገስ የማጅራት ገትር በሽታ ተይዘው በርካቶች ሞተዋል። አብዛኞቹ ከአሜሪካ ለውበት ቀዶ ሕክምና የተሻገሩ ሴቶች ነበሩ።

ሞትን በተመለከተ አንድ ቀዶ ሕክምና ለብቻው መነሣት አለበት፤ እርሱም ከሆድና ከወገብ የተመጠጠን ስብ በመርፌ ወደ መቀመጫ ማዛወር ነው። በመቀመጫ ጡንቻ ሥር ትልልቅ ደም መላሽ ሥሮች አሉ። የመርፌው ቱቦ ከቆዳ ሥር ካለው የስብ ሽፋን አልፎ ጡንቻው ውስጥ ከገባ እነዚህን ሥሮች ሊበሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስቡ ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይሄድና ታካሚዋን ከጠረጴዛው ሳትወርድ ሊገድላት ይችላል። በ2017 የታተመ የሐኪሞች ጥናት የሞት መጠኑን ከ3,000 ታካሚዎች አንድ ገደማ አድርሶታል፤ ለፈቃድ ቀዶ ሕክምና ይህ እጅግ ከፍተኛ ነው። በዚህም የተነሳ የብሪታንያ የውበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 አባላቱ ሥራውን እንዲያቆሙ መክሮ ነበር። የዛሬው ስምምነት ስቡ ከቆዳ ሥር ብቻ፣ የሚቻል ከሆነም በአልትራሳውንድ እየታየ እንዲገባ ነው። ታካሚዋ "ስቡን የት ነው የሚያስገቡት? ቱቦውስ የት እንዳለ በምን ያያሉ?" ብላ ጠይቃ ጥርት ያለ መልስ ካላገኘች፣ ቀብዱን ትታ መመለስ ከኪሳራ የሚቆጠር አይደለም።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2024 ባወጣው ዘገባ ከ2009 እስከ 2022 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከውበት ቀዶ ሕክምና በኋላ 93 አሜሪካውያን መሞታቸውን ገልጿል። የአስከሬን ምርመራ ከተደረገላቸው መካከል አብዛኞቹን የገደለው ወደ ሳንባ የሄደ ስብ ወይም የረጋ ደም ነው፤ ዝርዝር መረጃ የተገኘላቸውም በአመዛኙ በአንድ ማደንዘዣ ከአንድ በላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ነበሩ። "አንዴ ከመጣሁ አይቀር ሁሉንም ላሠራ" የሚለው ሐሳብ ከጉዞው ወጪ የሚወለድ ነው። የጥቅሉ ቅናሽም ወደዚያው ይገፋል። በጠረጴዛ ላይ የሚያልፈው ሰዓት በረዘመ ቁጥር ግን የሚፈሰው ደም፣ የሚቀዘቅዘው ሰውነትና የሚረጋው ደም ይጨምራል።

በረራው ራሱ የሕክምናው አካል ነው። ከአራት ሰዓት በላይ የሚቆይ ጉዞ ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ በእግር ሥሮች ደም የመርጋት ዕድልን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ የቀዶ ሕክምና ቁስል ሲታከልበት አደጋው ይባባሳል። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር የሳሳ ነው፤ በሰውነት ውስጥ የቀረ አየርም ይለጠጣል። ከደረትና ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ 10 ቀን፣ ከፊትና ከአፍንጫ በኋላ ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ሳይበሩ መቆየት ይመከራል። የአምስት ቀን ጥቅል ከዚህ ምክር ጋር አይገጥምም።

ቢላውን የሚይዘው ማን እንደሆነ ማወቅም ቀላል አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ታካሚው ከተኛ በኋላ ስመ ጥሩው ሐኪም ወጥቶ ሌላ ሰው የሚተካበት አሠራር "የመናፍስት ቀዶ ሕክምና" የሚል ስም አግኝቷል። ከብዙ ሙግትና ከሟች ቤተሰቦች ትግል በኋላ አገሪቱ ታካሚው ንቃቱን አጥቶ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ታካሚው ከጠየቀ በካሜራ እንዲቀረጽ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታ ከመስከረም 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ አውላለች። በፀጉር ንቅለ ተከላ ደግሞ ፈቃድ የሌላቸው ቴክኒሻኖች ቀዳዳውንም ተከላውንም የሚሠሩባቸው ቦታዎች አሉ። ለተከላው የሚወሰደው ከማጅራት በላይ ያለው ፀጉር ያለ ልክ ከተነቀለ አይተካም፤ የማስተካከያው ምንጭ አብሮ ያልቃል።

ብዙ ሰው ሐኪሙን ፊት ለፊት የሚያየው በቀዶ ሕክምናው ጠዋት ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያነጋግረው ደላላ ወይም የሽያጭ ሠራተኛ ነው። ቀብድ ከፍሎ፣ በርሮ፣ ልብሱን አውልቆ የተኛ ሰው "ይቅርብኝ" ለማለት እጅግ ይከብደዋል፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። በብሪታንያ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ መሠረት ታካሚው ከምክክሩ እስከ ቀዶ ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ሳምንት የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ተጓዡ ይህን ጊዜ ለራሱ ሊወስድ ይችላል፦ ከሚሠራው ሐኪም ጋር ራሱ በቪዲዮ ተነጋግሮ፣ የሐኪሙን ስም በሚሠራበት አገር የሐኪሞች መዝገብ አጣርቶ፣ ሆስፒታሉ እንደ ጆይንት ኮሚሽን ኢንተርናሽናል ካሉ አካላት ያገኘውን ዕውቅና ተመልክቶ። ዕውቅናው የሚሰጠው ለሆስፒታሉ ነው፤ የሐኪሙን እጅ አይመሰክርም።

ሕጉም ከድንበር ማዶ ነው። የያኔው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ባለቤት ስቴላ ኦባሳንጆ በጥቅምት 2005 በስፔን ማርቤላ ከውበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕይወታቸው አልፏል፤ የስፔን ፍርድ ቤት በሐኪሙ ላይ የእስራት ቅጣት የወሰነው ግን በ2009 ነው። የመንግሥት መሪ ቤተሰብ ዓመታት ከፈጀበት፣ ተራው ታካሚ በማያውቀው ቋንቋ ጠበቃ ቀጥሮ መሟገት ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም።

በሰውነት ውስጥ የሚቀር ዕቃ ካለ ወረቀቱ አብሮ መምጣት አለበት። የፈረንሳዩ ፒ አይ ፒ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲጠቀም በ2010 ሲጋለጥ፣ ምርቱ በብዙ አገሮች በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሴቶች ጡት ውስጥ ገብቶ ነበር። በጡቷ ያለው የማን ምርት እንደሆነ ለማወቅ የቻለችው የአምራቹን ስም፣ መጠኑንና መለያ ቁጥሩን የያዘች ካርድ የነበራት ሴት ናት። ካርዱን፣ የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር ማስታወሻ፣ የማደንዘዣ መዝገቡንና የተሰጡትን መድኃኒቶች ዝርዝር ከመመለስ በፊት መቀበል ያስፈልጋል። በመኖሪያ አገር ቁስሉን የሚከታተል ሐኪምም መገኘት ያለበት ከመሄድ በፊት ነው፤ ሌላ ሰው የከፈተውን ቁስል ለመረከብ ፈቃደኛ የማይሆኑ ሐኪሞች ብዙ ናቸው፤ ፈቃደኛ የሆነውም ቢሆን ማስታወሻው ካልቀረበለት ከስፌቱ ሥር ምን እንደተሠራ የሚያውቀው ሲከፍተው ብቻ ነው።