ወደ ትንሽ ቤት ስንገባ ምን እንያዝ?

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ከሰፊ ቤት ወደ ጠባብ ቤት መዛወር ብዙዎቻችንን ያስጨንቃል። አንዱ ልጆቹ አድገው ስለ ወጡ ይዛወራል፤ ሌላው ጡረታ ወጥቶ፣ ሌላዋ ባሏን በሞት አጥታ፣ ሌላው ኪራዩ ከብዶት። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ጓዝ መጠቅለል ሲጀመር የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፤ ይህ ሁሉ ዕቃ የት ይገባል? ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ደግሞ ሰው አፍ አውጥቶ የማይናገረው ኀፍረት አለ። «ሰው ምን ይለኛል? እግዚአብሔርስ ረስቶኝ ይሆን?» የሚል። ሰፊ ቤት የሞገስ ማስረጃ ተደርጎ ሲነገር ብዙ ስለ ሰማን ኀፍረቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እኔ በበኩሌ ያ ትምህርት ብዙ አማኞችን ጎድቷል ብዬ አምናለሁ። አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ የተስፋው ወራሾች ሆነው ሳለ በድንኳን ነው የኖሩት (ዕብ. 11፥9)።

እስቲ ያዕቆብን እንመልከት። ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ግብፅ ወርዶ ፈርዖን ፊት ሲቆም ዕድሜው 130 ዓመት ነበር (ዘፍ. 47፥9)። በዚያ ዕድሜ የለመዱትን መሬት ለቆ መሄድ ቀላል አይደለም። ዮሴፍን ለማየት ቢጓጓም ልቡ ፈርቶ እንደ ነበር እግዚአብሔር በቤርሳቤህ በሌሊት ራእይ ካለው ቃል እንረዳለን፤ ወደ ግብፅ መውረድን እንዳይፈራ ነገረው፤ አብሮት እንደሚወርድም ተስፋ ሰጠው (ዘፍ. 46፥3-4)። ከዚያ በፊት ደግሞ ፈርዖን ያዘዘውን ልብ በሉ። ሠረገላዎች ከግብፅ ሲላኩ ለማን እንደሚላኩ ተለይቶ ተነግሯል፤ ለሕፃናቱ፣ ለሴቶቹና ለሽማግሌው አባታቸው። ስለ ዕቃቸው ግን እንዳይሳሱ ተነገራቸው (ዘፍ. 45፥19-20)። በእርግጥ ባዶ እጃቸውን አልወረዱም። ከብቶቻቸውንና በከነዓን ያፈሩትን ይዘው እንደ ሄዱ ተጽፏል (ዘፍ. 46፥6)። ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው፤ ሠረገላው ላይ በመጀመሪያ የሚወጣው ሰው ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ቤት ስታራግፉ እያንዳንዱን ዕቃ አንሥታችሁ «ይህ የማንን ቦታ ይዟል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጎተራውን አፍርሶ ሌላ የሚበልጥ ሊሠራ ያሰበውን ሰው ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን (ሉቃ. 12፥16-21)። ጌታ ይህን ምሳሌ የተናገረው ስለ ውርስ ክፍፍል አቤቱታ ላቀረበ ሰው ነው። ምሳሌውን ደግማችሁ ስታነቡት ሰውየው የሚያነጋግረው ራሱን ብቻ መሆኑን አስተውሉ። ሚስት የለችም፣ ጎረቤት የለም፣ ሠራተኛ የለም። «ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቀውም ራሱን፣ የሚመልሰውም ራሱ። እህሉ ሲበዛ የታየው የጎተራው ጥበት እንጂ የተራበ ሰው አልነበረም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ይህንኑ ክፍል ሲያስተምር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት የተቀመጠው ልብስ የተራቆተው ሰው ልብስ እንደ ሆነ ተናግሯል። ከባድ ቃል ነው። ቁም ሣጥኔን ስከፍት ይህ ቃል እንዲያልፈኝ አልፈልግም።

ስለ ተጣበበ ክፍል ግን ከዚህም ይበልጥ የሚያስተምረን የነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 13 ነው። ነህምያ ወደ ንጉሡ ወደ አርጤክስስ ሄዶ ሳለ ካህኑ ኤልያሴብ በእግዚአብሔር ቤት አደባባይ ለወዳጁ ለጦብያ ትልቅ ጓዳ ሰጠው። ጓዳው ቀድሞ ሥራ ነበረው። የእህሉ ቍርባን፣ ዕጣኑ፣ ንዋያተ ቅድሳቱ፣ ለሌዋውያን፣ ለመዘምራንና ለበረኞች የታዘዘው የእህል፣ የወይንና የዘይት አሥራት የሚቀመጠው እዚያ ነበር። ነህምያ ተመልሶ ሲያይ በዚያ ቦታ የአንድ ሰው የቤት ዕቃ ተደርድሯል። መጽሐፉ ስለ ዕቃው ክፉነት አንዲት ቃል አይናገርም፤ የቤት ዕቃ ነው፣ አለቀ። ጥፋቱ የቆመበት ቦታ ነበር። ወዲያው በቀጣዩ ቁጥር የምናነበው ደግሞ የሌዋውያኑ ድርሻ እንዳልተሰጣቸውና አገልጋዮቹ ወደየእርሻቸው እንደ ሄዱ ነው። የጦብያ ዕቃ ገባ፣ ዘማሪው ወጣ።

ነህምያ ያደረገውን በቅደም ተከተል ተመልከቱ። ዕቃውን ሁሉ ከጓዳው ወደ ውጭ ጣለ። ከዚያም ጓዳዎቹ እንዲነጹ አዘዘ። በመጨረሻ የእግዚአብሔርን ቤት ዕቃ፣ የእህሉን ቍርባንና ዕጣኑን ወደ ቦታው መለሰ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን እንሠራለን፤ ሁለተኛውንም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተነሥተን እንጨርሳለን። ሦስተኛውን ግን እንረሳለን። ክፍሉ ለምን እንደ ነበረ ካልመለስነው ባዶነቱ አይቆይም፤ ጥቂት ወራት ሳይሞላው ሌላ ኮተት ይገባበታል። ያቺ ዕቃ የተከመረባት ክፍል የጸሎት ቦታ ልትሆን ታስባ ነበር? ልጅ የሚያጠናባት ነበረች? የታመመች እናት ማረፊያ ነበረች? ዕቃውን ስታወጡ በዚያው ቀን ያ ሰው ወይም ያ ሥራ ይግባባት።

አሁን የአንዱን ቤት ዕቃ ቤት እንክፈተው። በሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ከኋላው አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ተደግፎበታል። ወንበሩ ላይ ዚፑ የተበላሸ ሻንጣ፣ ሻንጣው ውስጥ ዛሬ ጎረምሳ የሆነው ልጅ በሕፃንነቱ የለበሰው ሹራብ። መደርደሪያው ላይ የየትኛው ስልክ እንደ ነበር የተረሳ ቻርጀር፣ የትኛውን በር እንደሚከፍቱ የማይታወቁ ቁልፎች በቆርቆሮ ታጭቀው፣ ከስንት ዓመት በፊት የተከፈለ የመብራት ደረሰኝ። እያንዳንዱን ዕቃ እዚያ ያስቀመጠው «አንድ ቀን ያስፈልገኝ ይሆናል» የሚል ሐሳብ ነው።

ይህን ሐሳብ በችኮላ ኃጢአት ብሎ መኮነን አልወድም። በእጦት ያደገ ሰው፣ ከስደት የተመለሰ ሰው፣ ቤቱ አንዴ የተዘረፈበት ሰው ዕቃ መጣል የሚያስፈራው በምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ወገን አትቆጡት፣ ዕቃውንም እሱ በሌለበት አውጥታችሁ አትጣሉበት። አብራችሁት ተቀመጡ። ጌታችን ራሱ አምስቱን ሺህ ከመገበ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ አንድም እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዟል፤ 12 መሶብም ሞላ (ዮሐ. 6፥12-13)። ማስቀመጥ በራሱ አለማመን አይደለም። መና እንኳ ነገን በመፍራት ሲቀመጥ ተልቶ ሸተተ፤ ለሰንበት እንዲቀመጥ እግዚአብሔር ያዘዘው ግን አልሸተተም (ዘጸ. 16፥20-24)። መናው ያው መና ነው፤ አንዱ የተቀመጠው በፍርሃት ነው፣ ሌላው በመታዘዝ። እንግዲህ እጃችሁ ላይ ያለውን ዕቃ እንዳትለቁት የያዛችሁ ነገር ምን እንደ ሆነ በጸሎት መርምሩ። ፍርሃት ከሆነ ፍርሃቱን ስሙን ጠርታችሁ ለጌታ ንገሩት። ዕቃው ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ከሁሉ የሚከብደው የመታሰቢያ ዕቃ ነው። በተለይ የሞተ ሰው ልብስ። ኢያሱ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ሲያሻግር ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች እንዲወሰዱ ታዘዘ፤ ለየነገዱ አንድ (ኢያሱ 4)። ልጆች ወደ ፊት ሲጠይቁ ታሪኩን ለመንገር 12 ድንጋይ በቃ። የአባታችሁን መነጽር ወይም ያሰመሩበትን መጽሐፍ ቅዱስ አስቀምጡ፣ ታሪኩንም ለልጆቻችሁ ንገሩ። ኮቱና ጫማው ግን ሌላ ሰው ያሙቅ። በኢዮጴ ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት እርስዋ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር (ሐዋ. 9፥39)። የጣቢታ መታሰቢያ በሰዎች እጅ ላይ ነበር። ለማልቀስ ጊዜ ውሰዱ፤ ቀብር በወጣ ማግስት ቁም ሣጥን ክፈቱ የሚል ሕግ የለም።

ስለ መስጠት አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። «ለተቸገረ ይሆናል» ተብሎ የሚታሰረው ጥቅል ውስጥ ብዙ ጊዜ ቁልፉ የረገፈ ሸሚዝ፣ ነጠላ ካልሲ፣ የማይሠራ ካውያ ይገኛል። እግዚአብሔር በሚልክያስ አፍ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ያቀርቡ የነበሩትን ካህናት ይህን ለገዥያቸው ቢያቀርቡት ይቀበላቸው እንደ ሆነ ጠይቋቸዋል (ሚል. 1፥8)። በድሃው በኩል የምንሰጠው ለጌታ ለራሱ እንደ ሆነ ማቴዎስ 25 ነግሮናል። ስለዚህ ልብሱን እጠቡት፣ ተኩሱት፣ ቁልፉን ስፉት። ጫማው ጥንድ መሆኑን እዩ፣ ካውያውን ሰክታችሁ ሞክሩት። ከመላካችሁ በፊት ተቀባዩ እንደሚያስፈልገው ጠይቁ፤ የእኛን ኮተት በሌላ ሰው ጠባብ ቤት መከመር ምጽዋት አይደለም። ሊጠገን የማይችለውን በሐቀኝነት ጣሉት። ሊሰጥ የታሰበው ጥቅል ደግሞ በር ላይ ወር አይክረም፤ የሚወስደው ሰውና የሚሄድበት ቀን ይወሰን።

«ቤቴ ጠበበ፣ ከእንግዲህ እንግዳ አልቀበልም» የምትሉ ወገኖች ደግሞ አላችሁ። የሱነም ሴት ለነቢዩ ለኤልሳዕ ያዘጋጀችው በሰገነት ላይ ያለ ትንሽ ክፍል ነበር። ውስጡ የገባው ዕቃ አራት ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መቅረዝ (2ኛ ነገ. 4፥10)። ሴቲቱ ባለጠጋ ነበረች፤ ሌላ ነገር ለመጨመር እጅ አላጠራትም። ለደከመ መንገደኛ የሚያስፈልገውን አስባ አዘጋጀች፣ እሱም መጥቶ አረፈ። በአዲሱ ቤታችሁ ሌላው ሁሉ ከመቀመጡ በፊት አንድ እንግዳ የሚቀመጥበትን ወንበር ቦታ ያዙለት። ቀሪው ዕቃ በዚያ ዙሪያ ይደልደል።

ልጆች ያላችሁ ደግሞ ለልጆቻችሁ ስትሉ ያስቀመጣችሁትን ዕቃ ይፈልጉት እንደ ሆነ አሁኑኑ ጠይቋቸው። «አንፈልግም» ካሉ አትቀየሙ፤ እነሱም የሚኖሩበትን ቤት ስፋት ያውቁታል።

አንዳንዱ ወገን ደግሞ ትምህርቱን ሲሰማ በተቃራኒው ይጨነቃል፤ የሚወደውን ጥቂት ዕቃ ይዞ መቅረቱ መንፈሳዊ ያልሆነ ይመስለዋል። ለእርሱ የጳውሎስን የመጨረሻ መልእክት አነብለታለሁ። ሐዋርያው እስር ላይ ሆኖ፣ የመሄዱ ጊዜ እንደ ደረሰ እያወቀ፣ በመጀመሪያ ጢሞቴዎስ ራሱ ቶሎ እንዲመጣለት ለመነው። ቀጥሎ በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም በብራና የተጻፉትን እንዲያመጣለት ጠየቀ (2ኛ ጢሞ. 4፥9-13)። ክረምት እየመጣ ነበር። የሚያሞቃችሁን ልብስና የምታነቡትን መጽሐፍ ያለ ምንም ጸጸት ይዛችሁ ግቡ።