«የመርማሪ ታሪክ ከሆነ ሽፋኑ ጥቁር ይሁን» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

የመጽሐፍ ሽፋን መሥራት ለሚፈልጉ ጀማሪዎች ስልጠና ስሰጥ ሁሌም የማዛት አንዲት የቤት ሥራ አለችኝ። «ለኤሚልና መርማሪዎቹ አዲስ ሽፋን ሥሩ» እላቸዋለሁ። ኤሪክ ኬስትነር የጻፈው፣ በ1929 በርሊን ላይ የታተመ የልጆች ታሪክ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኤሚል አባቱ ሞቶበት፣ እናቱ የሰው ፀጉር እየሠራች የምታሳድገው ልጅ ነው። በርሊን ላሉት አያቱ 120 ማርክ፣ ለእሱ ደግሞ 20 ማርክ አስይዛ በባቡር ትልከዋለች። ልጁ ገንዘቡ እንዳይጠፋበት ፈርቶ ከኮቱ ገበር ጋር በስፒል ይወጋዋል። ባቡሩ ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሲነቃ ገንዘቡ የለም፤ አብሮት የነበረው ባለ ክብ ጥቁር ባርኔጣ ሰውዬም የለም። ሰውዬውን ጣቢያው ላይ ሲያየው ዘሎ ወርዶ ይከተለዋል። ለፖሊስ እንዳይናገር ፈርቷል፤ አገሩ ላይ የመስፍን ሐውልት አፍንጫ ቀይ ቀብቶ፣ ጺም ስሎበት መጥቷል። ከዚያ ክላክስ ይዞ የሚዞር ጉስታቭ የሚባል የበርሊን ልጅ ያገኘዋል። ጉስታቭ ጓደኞቹን ይጠራል። ሌባውን የሚይዙት ልጆቹ ናቸው።

ባለፈው ዙር ዘጠኝ ተማሪዎች ነበሩኝ። ዘጠኙም ሽፋናቸውን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። ሰባቱ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ነበሩ። አምስቱ ላይ አጉሊ መነጽር አለ። አንዱ ላይ ደም ይንጠባጠባል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚገደል ሰው የለም! ደም ቢባል፣ ኤሚል ኪሱን ሲፈትሽ ስፒሉ ጣቱን ወግቶት የወጣችው ናት። እሱም ያለቀሰው ለጣቱ ሳይሆን ለእናቱ ልፋት ነው።

በየዙሩ ያው ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«አጉሊ መነጽር ከሌለ የመርማሪ ታሪክ መሆኑ አይታወቅም።»

ይታወቃል። እነ ኤሚል የሚሠሩት በዓይናቸው፣ በእግራቸውና በስልክ ነው። እንዲያውም ዲንስታግ የሚባል ትንሽ ልጅ አለ፤ ሥራው ቤት ቁጭ ብሎ ስልክ መጠበቅ ብቻ ነው። እሱን የሣለልኝ ተማሪ እስካሁን የለም።

«ለልጆች ስለሆነ ቀለም ይብዛበት።»

አይብዛበት። አንድ ቀለም ይምረጡና ይመኑበት።

«የመርማሪ ታሪክ ጥቁር መሆን አለበት።»

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ይህን ከተማሪ ብቻ አይደለም የሰማሁት። ከአሳታሚም፣ ከደራሲም፣ ከመጽሐፍ አዟሪም ሰምቻለሁ። «ምስጢር አይደል? ጨለም አድርገው» ይሉኛል። ለአዋቂ የወንጀል ልቦለድ አንዳንዴ ያስኬዳል። ለልጆች መርማሪ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ሥራውን ያበላሸዋል።

የመጀመሪያውን ሽፋን የሠራው ዋልተር ትሪየር ነው። ሽፋኑ ቢጫ ነው። ጥግ ላይ ትንሽ ቢጫ ነካ የተደረገበት አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ቢጫ ነው። ባዶ የበርሊን ጎዳና ይታያል። አንድ ወፍራም ክብ ምሰሶ ቆሟል፤ በርሊን ውስጥ በየመንገዱ ያለው፣ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ምሰሶ። ከምሰሶው ኋላ ሁለት ልጆች ተሸጉጠው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ራቅ ብሎ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ብቻውን ይሄዳል። ረዣዥም ጥላ መሬቱ ላይ ተጋድሟል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

አሁን ይህን ሥዕል ሌሊት አድርጉት። ልጆቹ ለምን ይደበቃሉ? ጨለማው ራሱ ይደብቃቸዋል። ምሰሶው ሥራ ፈታ። ሰውዬው ዞር ቢል ምንም አያይም። ፍርሃቱ ጠፋ። በቀን ግን ሰውዬው አንዴ ዞር ካለ አለቀላቸው። ያላቸው መሸሸጊያ ያቺ ምሰሶ ብቻ ናት። ልብ የሚያንጠለጥለው ብርሃኑ ነው። ሁለት ልጆችና አንድ ሌባ፣ በመሃላቸው ባዶ ቢጫ መሬት። ጭንቀቱ ያለው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ታሪኩም ራሱ እንዲህ ነው። ሌባው የሚያዘው ጠዋት፣ ሰው እያየ ነው። መቶ የሚያህሉ ልጆች ይከቡታል። ሲፈጥን ይፈጥናሉ፣ ሲቆም ይቆማሉ። ሊሰወር አልቻለም፤ በዞረበት ሁሉ ልጅ አለ። የልጆቹ ጉልበት መታየታቸው ነው። ጥቁር ሽፋን ታዲያ ይህን መጽሐፍ በምን መንገድ ይነግርልናል?

ሌላም ነገር ተመልከቱ። ልጆቹ የተደበቁት ከሰውዬው ነው እንጂ ከእኛ አይደለም። እኛ ከእነሱ ጋር፣ ከምሰሶው ወዲህ ነን። መጽሐፉን ገና ሳንገልጠው ከልጆቹ ወገን ሆነናል።

ይህን ሥዕል አንድ ቀን ለእህቴ ልጅ አሳየኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጀርመንኛ አታውቅም፤ የመጽሐፉንም ስም አልነገርኳትም። ሁለቱን ልጆች ዝም ብላ አለፈቻቸው። ጣቷን ሰውዬው ላይ አድርጋ «ይሄ ሰውዬ ምን አድርጓቸው ነው?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ስልኬን ቀምታኝ ሥዕሉን አስፍታ ራሷ መፈለግ ጀመረች። አንድ ሽፋን ከዚህ በላይ ምን ይሥራ?

እኔም ራሴ ተሳስቼ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ አሳታሚ ለልጆች መርማሪ ታሪክ ጥቁር ሽፋን አዘዘኝ። አልተከራከርኩም፣ ሠራሁለት። ኮምፒውተሬ ላይ ያምር ነበር። ሲታተም ጥቁሩ አመድ መሰለ። የልጁ ፊት ጨለማው ውስጥ ሰመጠ። መጽሐፉን ካንድ አዟሪ ዘንድ ያገኘሁት ከአዋቂዎች የግድያ ልቦለዶች ጋር ተደርድሮ ነው። «የልጆች እኮ ነው» ስለው ገረመው። ሰውዬው ጥፋት የለበትም፤ ሽፋኑ ነው የነገረው። ለልጁ መጽሐፍ ሊገዛ የመጣ አባት እዚያ ክምር ውስጥ አይፈልግም።

ስለ ኅትመቱ ካነሳሁ አይቀር እነዚህን ያዙልኝ። ሰፊ ጥቁር መደብ ብዙ ቀለም ይጠጣል፤ ቶሎ አይደርቅም፣ ከላዩ የተደረበውን ወረቀት ያቆሽሻል። የማያብለጨልጭ ላሚኔሽን (ሽፋኑ ላይ የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ) ከተደረገበት ደግሞ ጭረቱም የጣት አሻራውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። የልጅ መጽሐፍ ከቦርሳ ቦርሳ የሚንከራተት ነው፤ በወሩ ያረጃል። ሥራችሁን ሁልጊዜ አውራ ጣት ጥፍር አሳክሉና እዩት። ዛሬ ሰው ሽፋን መጀመሪያ የሚያየው ስልክ ላይ ነው። በዚያ መጠን ጥቁሩ ጉድጓድ ይሆናል። የትሪየር ምሰሶ ግን እዚያም ቆማ ትታያለች።

ሌሊት ጨርሶ አይሳል ማለቴ አይደለም። እነ ኤሚል ሌባው ያደረበትን ሆቴል ሲጠብቁ ያመሻሉ፤ እሱን መሣል የሚፈልግ ይሣል። ግን መጀመሪያ የበራ መስኮት ይፈልግ። ዓይን የሚያርፍበት ብርሃን የሌለው ሌሊት ለልጅ ምንም አይነግረውም።

«መጽሐፉን ማንበብ አይጠበቅብኝም፤ ጭብጡን ከነገሩኝ ይበቃኛል።»

ይህን የሚል ዲዛይነር ያናድደኛል። ጭብጡን ብቻ የሰማ ሰው «ልጅ፣ ሌባ፣ ከተማ» ነው የሚሰማው። ስፒሏን አይሰማም። ክላክሱን አይሰማም። ቀይ አፍንጫ ያለውን ሐውልት አይሰማም። ሽፋን የሚወጣው ከእነዚህ ነው። እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ። በእጅ የሚያዝ ዕቃ በተጠቀሰ ቁጥር ከነገጹ ጻፉት። ስትጨርሱ ሠላሳ አርባ ዕቃ ይኖራችኋል። ከዚያ ያለ እሱ ታሪኩ የማይቆመው የቱ እንደሆነ ጠይቁ። ደራሲው በሕይወት ካለ የሚወዳትን ዕቃ ጠይቁት፤ የሚወደውን ቀለም ግን አትጠይቁት።

«አዲስ ሽፋን ማለት ዘመናዊ ማድረግ ነው።»

አንዱ ተማሪ ኤሚልን ስማርት ስልክ አስያዘው። ስልክ ካለው እኮ ለእናቱ ይደውላል፤ ታሪኩ መሃሉ ሳይደርስ ያልቃል። አዲስ የሚሆነው አተያያችሁ ነው፤ የልጁ ዘመን አይነካም።

«እንዲህ ያለ ዝነኛ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አይነካም።»

ይነካል። ከመንካታችሁ በፊት ግን የድሮው ሽፋን ለምን እንደተሳካለት እወቁ።

«ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ይገባል።»

በላቲን ፊደል የለመዱ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ሁሉም ተቀራራቢ ቁመት ይዞ ስለሚቆም ርዕሱ እንደ ግንብ ይገጠገጣል። ቦታውን ከመጀመሪያው ካላሰባችሁለት ሥዕሉን ይጨፈልቀዋል። «ኤሚልና» አራት ፊደል ነው፣ «መርማሪዎቹ» ስድስት። አብዛኛው ጀማሪ ሁለቱን ለማስተካከል «ኤሚልና»ን ወደ ጎን ይለጥጠዋል። እባካችሁ ፊደል አትለጥጡ! እግሩ ይወፍራል፣ አግዳሚው ከእግሩ ቀጥኖ ይታያል፣ ቅርጹ ይበላሻል። አነስ ያለውን ቃል ተዉት፤ በጎኑ የተረፈው ባዶ ቦታ ጉድለት አይደለም።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ኤ እግሯ ላይ ትንሽ ቀለበት አላት። ፊደሉ ዙሪያ ወፍራም መስመር ስትጨምሩ ቀለበቷ ይደፈናል፤ ከሩቅ «ኢሚል» ይነበባል። ቹ ጎኗ ላይ ያለችው ጭረትም ዝብርቅርቅ ያለ ሥዕል ላይ ስታርፍ ትጠፋለች፤ «መርማሪዎቸ» ይሆናል። የልጁን ስም የሳተ ሽፋን ሥዕሉ ምንም ቢያምር አያድነውም። አትማችሁ ሦስት ሜትር ርቃችሁ አንብቡት።

«የድሮ መጽሐፍ ስለሆነ የማንም ነው።»

አይደለም። በጀርመን ሕግ የደራሲ መብት ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ የሚቆጠረውም እስከ ዓመቱ ማብቂያ ነው። ኬስትነር የሞተው በ1974 ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ እስከ 2044 መጨረሻ ባለቤት አለው። ትሪየር የሞተው በ1951 ነው። ሥዕሎቹ እዚያ ከ2022 መባቻ ጀምሮ ነጻ ሆነዋል። አንድ መጽሐፍ ሆኖ ጽሑፉና ሥዕሉ ዕድሜያቸው ይለያያል ማለት ነው። ለልምምድ የፈለጋችሁትን ሥሩ። ሊታተም ከሆነ ግን አሳታሚው ፈቃዱን በወረቀት ሳይዝ ሥራ አትጀምሩ።

ነጻ ሆነ ማለት ደግሞ ስም አይጠራ ማለት አይደለም። ትሪየር ፕራግ የተወለደ አይሁዳዊ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ኑሮው ተናጋ፤ በ1936 ወደ ለንደን ተሰደደ፣ ኋላም ካናዳ ገብቶ እዚያው ሞተ። ቢጫው ሽፋን ግን እስከ ዛሬ ጀርመን ውስጥ እየታተመ ነው። ሥዕሉን ኮርጃችሁ ስሙን ስትተዉት በጣም ይሰማኛል።

«ሽፋን ማለት የፊት ገጹ ነው።»

መደርደሪያ ላይ የሚታየው የጎኑ ጠርዝ ነው። ውፍረቱ የሚታወቀው በገጹ ብዛትና በወረቀቱ ዓይነት ነው፤ ማተሚያ ቤቱን ሳትጠይቁ በግምት አትሥሩ።

ወደ ዘጠኙ ተማሪዎች ልመለስ። ሁሉንም መልሼ «አንብባችሁ ኑ» አልኳቸው። በሳምንቱ አንዷ ዝምተኛ ልጅ ሽፋኗን ይዛ መጣች። ገጹን ሙሉ የኮት ገበር ሥላበታለች፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ስፌቱ ሳይቀር ይታያል። መሃሉ ላይ አንድ ስፒል ብቻ። ስፒሉ ገብቶ በሚወጣበት በኩል ወረቀቱን በእውነተኛ ስፒል ሁለት ቦታ በስታዋለች።

ለሌሎቹ አሳየኋቸው። «ምንድን ነው?» አልኩ። «ስፒል» አሉ። «ምን ይዟል?» አልኩ። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ አንዱ «ምንም» አለ።

ሌባው በመጨረሻ የሚጋለጠው በምን እንደሆነ ያነበቡት ያውቃሉ። ባንክ ውስጥ ኤሚል «ገንዘቡ የእኔ ነው፤ ስፒል የበሳው ቀዳዳ አለው» ይላል። ገንዘቡን ወደ ብርሃን ያነሱታል፤ ቀዳዳዎቹ አሉ። ያላነበበ ልጅ ይህን አያውቅም። አንብቦ ሲጨርስ ግን ሽፋኑን መልሶ ያየዋል።

ሽፋኑን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ረፋድ ላይ ስለነበር ፀሐይዋ በሁለቱ ቀዳዳዎች ገብታ መዳፌ ላይ ሁለት ነጥብ ጣለች። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እያነሱ አዩት። የቀረውን ሰዓት ያጠፋነው ማተሚያ ቤት ደውለን፣ እያንዳንዱን ሽፋን መብሳት ስንት እንደሚያስወጣ በመጠየቅ ነው።