ከአውቶካድ ወደ ሶሊድወርክስ፦ ስለ ድርጅት ስታንዳርድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለዓመታት አውቶካድ በተባለው የሥዕል ሶፍትዌር ጠፍጣፋ ሥዕል ሲሠሩ የቆዩ የብረታ ብረት ድርጅቶች ዕቃውን በሦስት አቅጣጫ (ሶሊድ ሞዴል) ወደሚያሠራው ሶሊድወርክስ ሲሻገሩ ሶፍትዌሩን ይገዛሉ፣ ባለሙያዎቻቸውንም ያሠለጥናሉ፤ ሁሉም የሚመራበትን ስታንዳርድ ግን «ሥራው ሲለመድ ይወጣል» በሚል ያቆዩታል። ከመዘግየቱ ጀርባ የሚከተሉት አመለካከቶች አሉ።

«የአውቶካዱ ስታንዳርድ ለሞዴሉም ይበቃል።»

የቀድሞው ስታንዳርድ በአብዛኛው የሚደነግገው የወረቀቱን መልክ ነው፦ ሌየሩን (መስመሮች የሚመደቡበትን ንብርብር)፣ የመስመሩን ውፍረት፣ የፊደሉን ቁመት። በሶሊድ ሞዴል ግን የዕቃው ቁጥር፣ ስም፣ ማቴሪያልና ክብደት የሚቀመጡት በፋይሉ ውስጥ ሲሆን፣ የሥዕሉ ርዕስ ሠንጠረዥም ሆነ የዕቃ ዝርዝሩ የሚሞሉት ከዚያው ነው። ስለዚህ ቀድሞ ስምምነት የሚያስፈልገው እነዚህ መረጃዎች በቴምፕሌቱ (አዲስ ፋይል በሚጀመርበት ዝግጁ ቅጽ) ላይ በምን ስም እንደሚያዙና ማን እንደሚሞላቸው ነው። ማቴሪያል ሳይመረጥ ከቀረ ሶሊድወርክስ በመደበኛ ቅንብሩ እፍጋቱን እንደ ውኃ በሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ግራም አድርጎ ይወስዳል፤ የብረት እፍጋት ደግሞ 7,850 ገደማ ነው። በዚህም የተነሣ 785 ኪሎ የሚመዝን የማሽን መቀመጫ በሥዕሉ ላይ 100 ኪሎ ተብሎ ይወጣል፤ ያንን ቁጥር አምኖ የማንሻ ሰንሰለት የሚመርጠው ደግሞ ሥዕሉን የሠራው ሰው አይደለም።

«የፋይል ስም የእያንዳንዱ ሠራተኛ ጉዳይ ነው።»

የአውቶካድ ፋይል በአብዛኛው ራሱን ችሎ ይቆማል። የሶሊድወርክስ አሴምብሊ (ክፍሎች የሚገጣጠሙበት ፋይል) ግን ክፍሎቹን የሚያገኛቸው በስማቸውና በተቀመጡበት ፎልደር በመሆኑ፣ አንድ ሰው ከዊንዶውስ ሆኖ ስም ቢቀይር አሴምብሊው ሲከፈት ዕቃውን ያጣዋል። የሚብሰው ግን ድምፅ የማያሰማው ስሕተት ነው፤ በሁለት ፎልደሮች ውስጥ «ሽፋን 1» የሚባሉ የተለያዩ ክፍሎች ካሉና አንደኛው አስቀድሞ ከተከፈተ፣ ፕሮግራሙ ለሌላኛውም ማሽን ያንኑ ሊያስገባ ይችላል። በእኔ አስተያየት የሚያዋጣው በድርጅቱ ውስጥ የማይደገም ተራ ቁጥር ነው። ደንበኛውንና ማቴሪያሉን በአኃዝ የሚገልጽ ቁጥር ለዓይን ያምራል፤ ይሁን እንጂ ማቴሪያሉ የተለወጠ ዕለት ቁጥሩ ሐሰት ይሆናል።

«የቆዩት ሥዕሎች ሁሉ ወደ ሞዴል ካልተቀየሩ መጀመር አይቻልም።»

ይቻላል። የቆየ ሥዕል ዕቃው እንደገና ሲታዘዝ ወይም ሲሻሻል ቢቀየር በቂ ነው። አስቀድመው መዘጋጀት ያለባቸው ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታና የመሳሰሉት የጋራ ዕቃዎች ናቸው።

«ሞዴል ካለ ሥዕል ይቀራል።»

ልኬትንና ቶለራንስን (የሚፈቀደውን የልኬት ልዩነት) በሞዴሉ ላይ ስለማስፈር የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር (ኤኤስኤምኢ) ስታንዳርድ ዋይ 14.41 በ2003 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ስታንዳርድ አይኤስኦ 16792 ደግሞ በ2006 ወጥተዋል። ቶርኖው አጠገብ ስክሪን በሌለበት ወርክሾፕ ግን ሥዕሉ ይቀጥላል፤ ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚጸና በስታንዳርዱ መጻፍ አለበት።

«በስክሪን ላይ ከገጠመ በወርክሾፕም ይገጥማል።»

የ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በ2 ሚሊ ሜትር የውስጥ ራዲየስ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ ኬ-ፋክተሩ (ሲታጠፍ ርዝመቱ የማይለወጠው መስመር ከውስጠኛው ገጽ ያለው ርቀት ለላሜራው ውፍረት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) 0.5 ከተባለ እጥፋቱ የሚወስደው ርዝመት 4.71፣ 0.33 ከተባለ ደግሞ 4.18 ሚሊ ሜትር ነው። በአራት እጥፋት ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ሁለት ባለሙያዎች በየራሳቸው ቁጥር የዘረጓቸው ሳጥንና ክዳን በስክሪን ላይ ልክክ ብለው ሳለ ታጥፈው ሲመጡ አልገናኝ ይላሉ። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ከድርጅቱ የራሱ ማጠፊያ ማሽን ነው፤ ርዝመቱ የታወቀ ቁራጭ ታጥፎ፣ ሁለቱ ክንፎቹ ተለክተው፣ ውጤቱ በየውፍረቱና በየራዲየሱ በሠንጠረዥ ይመዘገባል፤ ሠንጠረዡም በጋራ ፎልደር ተቀምጦ ከአንድ ኃላፊ በቀር ማንም እንዳይቀይረው ይደረጋል።