ታሪኩ የማን ነው? የሚተርከውና የሚያየው

በአራት ኪሎው የንባብ ክበባችን አንድ ክርክር ደጋግሞ ይነሣል፦ «ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሴት ስለሆነች ታሪኩ የእሷ ነው» ይባላል። ይህ አይበቃም። የሚተርከውና የሚያየው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ዤራር ዤኔት እ.ኤ.አ. በ1972 ሁለቱን ለይቶ አሳይቷል።

ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባልና ሚስት ተቀምጠዋል እንበል። «ቤቱን ሊሸጠው መሆኑን ነገራት። ዝም አለች። መስማማቷ ደስ አሰኘው።» ተራኪው ገለልተኛ ይመስላል። ግን ዝምታዋን «መስማማት» ያለው ማን ነው? ባልየው። እሷ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አለች፤ ሐሳቧ የለም። አሁን ዓይኑን እንቀይር፦ «ቤቱን ሊሸጠው መሆኑን ነገራት። በእናቷ ስም የወጣውን ካርታ የት እንዳስቀመጠችው አስታወሰች፤ ዝም አለች።» ድርጊቱ ያው ነው፤ ዝምታው ግን ሌላ ሆነ።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። በወንድ ዓይን የተጻፈ ሁሉ ለወንድ ያደላል ማለት ግን አይቻልም፤ እንደ ታሪኩ ይለያያል። በመጀመሪያው ላይ «እጇ ሲንቀጠቀጥ የበረዳት መሰለው» የሚል ቢጨመር፣ ደራሲው የባልየውን አለማስተዋል እያጋለጠ ነው።