አዱሊስና ዙላ፦ ጅማ ላይ የሚነገረውና እውነታው

ጅማ ላይ ስለ ባሕር በር ወሬ በተነሣ ቁጥር የጥንቱ የአክሱም መንግሥት ወደብ የነበረችው የአዱሊስ ስም መጠራቱ አይቀርም። አዱሊስ የነበረችበት ስፍራ ዛሬ በኤርትራ፣ ከምፅዋ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በዙላ መንደር አጠገብ ነው። አካባቢው የሳሆ ተናጋሪዎች የሚኖሩበት፣ ሙቀቱ የሚያቃጥል የገጠር ሜዳ ነው። ስለዚህች ስፍራ የሚነገረው ስህተት በአብዛኛው የዛሬውን ካርታ ወደ ጥንቱ ዘመን ወስዶ ከማንበብ የመጣ ይመስለኛል።

«የጅማ ቡና ከጥንት ጀምሮ በአዱሊስ በኩል ይላክ ነበር።»

ለእኛ ለጅማ ሰዎች ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ማስረጃ ግን የለውም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በግሪክኛ የጻፈው ስሙ ያልታወቀ ሰው ከአዱሊስ የሚጫነውን ሲዘረዝር የዝሆን ጥርስ፣ የባሕር ኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ይጠቅሳል እንጂ ቡናን አያነሣም። ቡና እየተፈላ መጠጣቱ በጽሑፍ በግልጽ የሚታወቀው ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመን ነው፤ ያን ጊዜ አዱሊስ ከጠፋች ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። የጅማን ሸቀጥ ከቀይ ባሕር ጋር ያገናኘው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደራው የሲራራ ንግድ ነው። በጅማው የሂርማታ ገበያ የተሰበሰበው የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና በቀንድ የታሸገ ዝባድ ጊቤንና ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርስና በጎንደር አድርጎ ወደ ምፅዋ ይወርድ ነበር። በዚያው መንገድ ሰዎችም በባርነት ይነዱ እንደነበር አብሮ መነገር አለበት።

«አዱሊስ ማለት የጥንቷ ምፅዋ ናት።»

አይደለችም። ምፅዋ በደሴት ላይ የተቆረቆረች ሌላ ከተማ ስትሆን ገና የወጣችው አዱሊስ ከወደቀች በኋላ ነው።

«አዱሊስ ባሕሩ ጫፍ ላይ ነበረች፤ በኋላ ባሕሩ ዋጣት።»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያው በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የጻፈው ሰው መንደሯ ከባሕር 20 ስታድዮን፣ ማለትም ወደ 4 ኪሎ ሜትር ግድም እንደምትርቅ፣ መርከቦችም ከየብስ የሚመጣን ጥቃት በመፍራት በባሕረ ሰላጤው አፍ ባለች ደሴት ላይ መልሕቅ እንደሚጥሉ ይነግረናል። ከዚያ ወዲህ ከደጋው የሚወርደው የሐዳስ ወንዝ ደለሉን እያመጣ ሜዳውን ስለሞላው ባሕሩ ከፍርስራሹ የበለጠ ሸሸ። በ1907 እ.ኤ.አ. የጣሊያን፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፈረንሳይ የመሬት ቁፋሮ ባለሙያዎች ከተማዋን የፈለጉት ከባሕር ሥር ሳይሆን ከዚህ ደለል ሥር ነው።

«በአዱሊስ የተገኘው የግሪክኛ ጽሑፍ አገሩን ግሪኮች ይገዙት እንደነበር ያሳያል።»

ይህን ስህተት የሚደግሙትን ሰዎች ብዙም መውቀስ አይቻልም፤ ጥፋቱ የተጀመረው ከጥንት ነው። አፄ ካሌብ በ525 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወደ የመን ለመዝመት ሲዘጋጁ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ሁለት ጽሑፎችን ገለበጠ። አንደኛው ከግሪክ ዘር የሆነው የግብፁ ንጉሥ የ3ኛው በጥሊሞስ ሲሆን፣ በእምነበረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸው ሁለተኛው ግን በነገሠ በ27ኛው ዓመት ድሎቹን የቆጠረ፣ ስሙ ያልተገለጸ የአክሱም ንጉሥ ነው። ኮስማስ ሁለቱን እንደ አንድ ጽሑፍ አያይዞ ስላስቀመጣቸው የአክሱሙ ዘመቻ ለበጥሊሞስ ተቆጠረ። ድንጋዮቹ ራሳቸው ዛሬ የሉም። ጽሑፉ በግሪክኛ መሆኑም የባዕድ ግዛት ምልክት አይደለም፤ የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ ሳይቀር ግሪክኛ ያስቀርጹ ነበር።

«ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በምፅዋ ወደብ ገባ።»

ጦሩ የወረደው በዙላ ነው። የምፅዋ ደሴት ጠባብ ስትሆን የዙላ ባሕረ ሰላጤ ለብዙ መርከብ ይበቃል፤ ወደ ሰንዓፈ ደጋ የሚያወጣው በርም ቅርብ ነው። በ1860 ዓ.ም. በዚያች መንደር መርከብ የሚያራግፉበት ድልድይ፣ እስከ ተራራው ግርጌ የሚደርስ ሐዲድና የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ፤ ከሕንድም 44 ዝሆኖች መጡ። የመጠጥ ውኃ ስላልነበረ የባሕሩን ውኃ በመርከቦቹ ላይ እያፈሉ ጨው አልባ ያደርጉት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ካረፉ በኋላ ጦሩ በመጣበት ሲመለስ ሐዲዱም ተነቀለ። በዚያው ዓመት አንድ መኮንን በፍርስራሹ ቆፍሮ ያገኛቸው የቤተ ክርስቲያን እምነበረዶች በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ይገኛሉ።