«ሁሉን አንድነት አደረጉ» ማለት ምን ማለት ነው?

በሰንበቴያችን ይህ የሐዋርያት ሥራ 2፥44 ቃል በተነሣ ቁጥር «እንግዲህ ክርስቲያን የራሱ መሬትና ከብት ሊኖረው አይገባም ማለት ነውን?» የሚለው ጥያቄ ስለሚደጋገም፣ ነገሩን በቀላል ቃል ላብራራው።

የኢየሩሳሌም ምእመናን ንብረታቸውን የሸጡት ችግረኛ ሲገኝ፣ በፈቃዳቸው ነበር። ይህ እርግጥ ነው፤ ጴጥሮስ መሬት ሸጦ ገንዘብ ላመጣው ለሐናንያ፣ መሬቱ ሳይሸጥ የራሱ፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በሥልጣኑ ሥር እንደ ነበረ ነግሮታልና (5፥4)። ሐናንያ የተወቀሰው ከፊሉን አስቀርቶ ሁሉን እንዳመጣ አድርጎ በመዋሸቱ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንስተው ይህን ነው። የማርቆስ እናት ማርያምም ምእመናን ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ቤት ነበራት (12፥12)።

በደብረ ብርሃን ዙሪያ የአንዱን ገበሬ ገብስ ውርጭ ቢመታበትና ጎረቤቱ ከጎተራው ሁለት ቁና ዘር ቢሰፍርለት፣ ጎተራው የጎረቤቱ መሆኑ አልቀረም፤ ሆኖም ወንድሙ ባዶ እጁን ሳለ «የራሴ ነው» ብሎ አልዘጋውም (4፥32)።

መጠኑና አሰጣጡ ግን ይለያያል። የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት በራብ ዘመን በይሁዳ ለነበሩት ወንድሞች የላኩት እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው ወስነው ስለሆነ (11፥29)፣ በእህል ይሁን በብር፣ በየወሩ ይሁን ችግር ሲደርስ፣ የሰንበቴው አባላት ተመካክረው የሚወስኑት ነው።