መሪ ሲዞር «ቋ» የሚለው ምንድን ነው?

ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት አሮጌ ታይሮድ አለች። ወረቀት እንዳይበርብኝ እጭንባታለሁ። የወጣችው ከራሴ ኮሮላ ነው፤ በፈረንጅ 1998 የተሠራ መኪና። ታይሮድ ከመሪው ሳጥን ወጥታ ጎማውን የምትገፋና የምትስብ ዘንግ ናት። ጫፏ ላይ ኳስ የመሰለ ራስ አለ፣ ኳሱም በልኩ በተሠራ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። አዲሷን ገዝታችሁ ኳሱን በጣት ብትገፉት እምቢ ይላል። በግሪስ ተለውሶ፣ ጥብቅ ብሎ፣ እየከበደው ነው የሚዞረው። የእኔዋን ግን አንስታችሁ ብትነቀንቋት ቋ፣ ቋ ትላለች።

ድምፁ እንግዲህ ይኸው ነው። መሃላቸው ክፍተት ሊኖር የማይገባ ሁለት ብረቶች ተራርቀዋል። ቢበዛ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩ አንደኛው ያቺን ክፍተት ተሻግሮ ሌላኛውን ይመታል። ወደ ቀኝ ስትመልሱም እንደዚያው። መካኒኮች «ላልቷል»፣ «ይጫወታል»፣ ሲያጥር ደግሞ «ሄዷል» የሚሉት ይህንን ነው። «መሪዬ ቋ ይላል» ብሎ ጋራዥ የሚገባ ሰው የሚያስፈልገው መልስ አንድ ነው፤ ክፍተቷ የት ጋ ናት?

ችግሩ ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ ይዘለላል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ድምፁን እንደሰሙ «አሞርዛተር ነው» አሉኝ፤ ጉድጓድ ላይ የመኪናውን ዝላይ የሚያበርደውን ማለታቸው ነው። ማንም ስር አልገባም። የፊቶቹ ሁለቱም ተቀየሩ። ሒሳቤን ከፍዬ፣ ከግቢው ወጥቼ፣ ኮብልስቶኑ ላይ መሪውን ሳዞር፦ ቋ። ተመልሼ ስገባ «እንግዲያው ጎሚኒ ይሆናል» ተባልኩ፤ በብረቶች መሃል የሚገባው የጎማ ትራስ ማለት ነው። እዚያ ላይ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ለፍርድ ያህል፣ ሥራው ቀላል አይደለም። ከእጃችሁ እስከ ጎማው ድረስ ያለውን ሰንሰለት አስቡት። ከመሪው የሚወርደው ዘንግ ፔዳሎቹ አካባቢ ክሮቼራ አለው፤ ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የምታደርግ መገጣጠሚያ ናት። ከዚያ የመሪው ሳጥን። ሳጥኑ በጎሚኒ ተይዞ ከሻንሲው ጋር ታስሯል። ከሳጥኑ ግራና ቀኝ ታይሮዶቹ ይወጣሉ። ጎማውን የተሸከመው ብረት ደግሞ ከታች ብራቾው (ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ላይ በቦል ጆይንት፣ ማለትም እንደ ታይሮዱ ጫፍ ባለ የኳስ መገጣጠሚያ፣ ከላይ በአሞርዛተሩ ተይዟል፤ አሞርዛተሩ አናት ላይ ከመሪው ጋር አብራ የምትዞር ኩሽኔታ አለች፤ ሳይፋተግ እንዲዞር የምትረዳ ቀለበት ናት። በጎን በኩል መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘው ስታብላይዘር ከነሊንኮቹ፣ ማለትም ጫፎቹን ከሚያያይዙት አጫጭር ዘንጎች ጋር፣ አለ። ቁጠሩት፤ ሊላላ የሚችለው ቦታ ከአስር ይበልጣል። ሁሉም ሲላላ የሚለው ያው «ቋ» ነው።

(የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣልያንኛ መሆኑን ልብ ብላችኋል? ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ፣ ብራቾ፣ ክሮቼራ፣ ቡሎን፣ ክሪክ። ጣልያን ከወጣ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፣ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል።)

ሌላው ጣጣ፣ የመኪና አካል እንደ ከበሮ ነው። ግራ በኩል የተመታው ቀኝ በኩል ይሰማል። የእኔን መኪና ድምፅ ከግራ ጎማ ነው ብዬ መማል እችል ነበር። ቀኝ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ጆሮን ቦታ ሳይሆን ጊዜ ነው መጠየቅ። ድምፁ መቼ ነው የሚመጣው? ከዚያ በፊት ግን የኋላውን ዕቃ መጫኛ ክፈቱና ክሪኩን፣ የጎማ መፍቻውን፣ የተረሳውን ጠርሙስ አውጡ። አትሳቁ። ለወራት ሲያንኳኳ የከረመ ክሪክ አይቻለሁ።

ከዚያ ሬዲዮ ዘግታችሁ ንዱት። መኪናው ቆሞ መሪ ስታዞሩ ብቻ ቋ የሚል ከሆነ ነገሩ ክሮቼራው፣ የመሪው ሳጥን ማሰሪያ፣ ታይሮዱ ወይም የአሞርዛተር አናት ኩሽኔታ ነው። ቀጥ ብላችሁ እየነዳችሁ ጥቃቅን ጉድጓድ ላይ፣ በተለይ አንድ ጎማ ብቻ ሲገባ፣ ቋ ቋ ቋ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው የስታብላይዘር ሊንክ ነው። ርካሽ ናት፣ ቶሎም ትሄዳለች። ፍሬን ስትይዙ አንዴ፣ ስትለቁ ደግሞ አንዴ ከሆነ የብራቾ ጎሚኒ ነው፤ ፍሬኑን የያዘው ቡሎን ላልቶም ሊሆን ይችላል፣ እሱን ዛሬውኑ አሳዩ። መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ከጎማው ጋር የሚፈጥን ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ የመሪ ሳይሆን ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ መገጣጠሚያ፣ ሲቪ ጆይንት፣ ነው።

እኔን ከጣጣ ያወጣኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ይመስልዎታል?» አልኩት።

«ምን መምሰል አለው። ገብተን እናየዋለን።»

መኪናውን ጋራዡ ውስጥ ከስር ለመፈተሽ በተቆፈረው ጉድጓድ ላይ አቆምን። ጎማዎቹ መሬት ረግጠዋል፤ ይህ ዋና ነገር ነው፣ ምክንያቱም በዚህኛው ፍተሻ መገጣጠሚያዎቹ ክብደት ተሸክመው እያለ ነው መታየት ያለባቸው። «ሞተሩን አስነሳ። የእጅ ፍሬን ሳብ። መሪውን ወዲያና ወዲህ፣ ትንሽ ትንሽ። አትጠምዝዘው፣ ነቅንቀው ብቻ።» እኔ ላይ ሆኜ እነቀንቃለሁ፣ እሱ ታች ሆኖ እጁን እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ያሳርፋል። የግራ ታይሮድ፣ ምንም። የግራ ቦል ጆይንት፣ ምንም። የሳጥኑ ማሰሪያ፣ ምንም። ወደ ቀኝ ዞረ። «ቁም። ና ውረድ።»

ቦታ ተቀያየርን። ጣቴን የቀኝ ታይሮድ ጫፍ ላይ፣ ግማሹን ኳሱ ላይ ግማሹን ቤቱ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። እሱ መሪውን ነቀነቀ። ከጣቴ ስር ልክ እንደ ደም ስር ምት አንዲት ትንሽ ዝላይ ተሰማኝ። ዘንጓ ትሄዳለች፣ ኳሱ ይዘገያል፣ ከዚያ ቋ። ግሪሷን የሚይዘው የጎማ ሽፋን ተቀዷል። ውስጡ ግሪስ ሳይሆን ዝገትና ጭቃ ነበር። አብዛኛው መገጣጠሚያ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ውሃና አቧራ ይገባል፣ የቀረውን መንገዱ ይጨርሰዋል።

ይህን ፍተሻ ማንም ከአንድ ጓደኛው ጋር ሊሠራው ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ ሞተሩ እየሠራ ስለሆነ ከማራገቢያውና ከቺንጊያው (ከሞተሩ ቀበቶ) ራቁ፣ ጣታችሁንም ሊጨፈለቅ ከሚችልበት ቦታ አታስገቡ።

ሁለተኛው ፍተሻ በክሪክ ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱት፣ ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ አድርጉ። ክሪክ ብቻውን የያዘው መኪና ስር ማንም አይገባም። ጎማውን በሰዓት 12 እና 6 ላይ ይዛችሁ ነቅንቁት። በኛ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ብላችሁ አትጨነቁ፣ 12 እና 6 ቢገለበጥም ያው ላይና ታች ነው። እዚህ ላይ ከተጫወተ የጎማው ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ። ከዚያ በ3 እና በ9 ያዙት። እዚያ ብቻ ከተጫወተ ታይሮዱ ነው። የውጪኛው ጫፍ ጤነኛ ከሆነ፣ ሳጥኑ አጠገብ በአኮርዲዮን ቅርጽ ጎማ የተሸፈነውን የውስጡን ጫፍ ያዝ አድርጉት፤ እዚያ ተደብቆ የሚላላ አለ።

የአሞርዛተር አናት ኩሽኔታ ስር መግባት አያስፈልጋትም። ኮፋኖውን (የሞተሩን ክዳን) ክፈቱ፣ ሰው መሪ ያዙር፣ እናንተ አሞርዛተሩን የከበበውን ሞላ እዩ፤ ጣት ግን በሞላው መሃል አይገባም። ኩሽኔታዋ ከደረቀች ሞላው አብሮ መዞር ትቶ ይጠመዘዛል፣ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ በአንዴ ይለቃል። ድምፁም ከተራው ቋ ወፈር ያለ፣ ድንግ የሚል ነው። ክሮቼራዋ ደግሞ ከእግራችሁ አጠገብ ስለሆነች ድምፁን እጃችሁ መሪው ላይ እያለ ትሰሙታላችሁ። እሷን ስታዩ የሚያስሯትን ቡሎኖች አብራችሁ እዩ። አንዳንዴ ምንም ያለቀ ነገር የለም፣ ቡሎን ላልቶ ነው። ያ ቡሎን ጨርሶ ከወጣ ግን መሪው እጃችሁ ላይ ዝም ብሎ ይዞራል፣ ጎማው አይሰማም።

አደጋው እኩል አይደለም። የስታብላይዘር ሊንክ ሄዶ ወር መንዳት ይቻላል፤ ያናድዳል እንጂ አይጥልም። ታይሮድና ቦል ጆይንት ላይ ግን ቀልድ የለም። ኳሱ ከቤቱ ከወጣ ጎማው ወደ ፈለገበት ይታጠፋል። ሠፈር ውስጥ ከሆነ ተጎታች ትጠራላችሁ። አዳማ መንገድ ላይ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው።

የመሪው ሳጥን ላይም አንድ ነገር ልበል። ከጀርባው ማጥበቂያ አለው፣ ውስጡ ያሉትን ጥርሶች የሚያቀራርብ። አንዳንድ መካኒክ ድምፅ በሰማ ቁጥር እሷን ያጠብቃል። ድምፁ ለጊዜው ይጠፋል። ግን ከመጠን በላይ ከጠበቀች መሪው ይደርቃል፣ ከኩርባ ስትወጡ በራሱ አይመለስም፣ ጥርሱም ይበላል። ታይሮዱና ቦል ጆይንቱ ተፈትሾ ሳያልቅ እዚያች ቡሎን ላይ መፍቻ የሚያሳርፍ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ «የኮሮላ ታይሮድ» ብትሉ ሦስት ዓይነት ይወጣላችኋል። ኦሪጅናል፣ ኮፒ፣ ያገለገለ። ያገለገለ በር ወይም መብራት ይገዛል። ያገለገለ ታይሮድ ግን የሌላ ሰው «ቋ» ነው። ኮፒውም ቢሆን በእጅ ይፈተሻል። ኳሱን ግፉት፤ ሳይንቀጫቀጭ፣ ከብዶት መዞር አለበት። የድሮውን ይዞ መሄድም ጥሩ ነው፣ የክሩ ውፍረትና ርዝመቱ ከዓመት ዓመት ይለያያል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እነዚህን ኮሮላዎች ገና ለብዙ ጊዜ ይዘን እንከርማለን፤ የመለዋወጫ ምርጫ ላይ መጨቃጨቁ አይጠላም።

ሽማግሌው አሮጌዋን ሲፈታ እየቆጠረ ነበር። «ቁጠር እንጂ!» አለኝ። አብረን ቆጠርን፣ 17 ዙር ወጣች። አዲሷንም 17 ዙር አስገባት። እንዲህ ሲሆን ጎማው ከሞላ ጎደል ቀድሞ በነበረበት ይቆማል፣ አላይመንት ቤት (የጎማዎቹ አቅጣጫ የሚስተካከልበት) እስክትደርሱ መሪው አይጎትትም። ከሞላ ጎደል ነው ያልኩት፤ አላይመንቱ አይቀርም። ቀርቶበት አዲስ ጎማውን በጥቂት ወር ውስጥ በአንድ ጎኑ የበላ ሰው አውቃለሁ። ዳዶው እንዳይፈታ በቀዳዳው የምታልፈው ቀጭን ፒንም አዲስ ትሁን፤ ታጥፋ የተቃናች ፒን ትሰበራለች።

የብራቾ ጎሚኒ ከሆነ የሚቀየረው፣ አንድ የማይነገር ነገር አለ። ቡሎኑ በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ ነው፣ ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ አይደለም። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ነው የሚኖረው፣ በቶሎ ይቀደዳል። «ጎሚኒ ከቀየርኩ ሦስት ወር አልሞላኝም» የሚል ሰው ስትሰሙ ዕቃውን ብቻ አትውቀሱ። ጋራዡን በትህትና «መሬት አውርደው ያጥብቁልኝ» ማለት ምንም አያስወጣም።

አሮጌዋን ታይሮድ ስወስድ ሽማግሌው «ምን ልታደርግባት ነው?» አለኝ። ለማሳያ አልኩት። ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ስሄድ ዳዶዎቹን በመፍቻ ነካ ነካ አደረገልኝ፤ አንዷ ሩብ ዙር ያህል ወሰደች። ገንዘብ አልተቀበለኝም።